ገመድ የበጠሰ ኳስ፦ ቅጣቱ ከየት ይቆጠራል?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በአሜሪካን ፉትቦል ዳኝነት ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ሐሙስ ማታ ያጋጠመኝን ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨዋታ ነው፣ የታናናሾቹ ቡድን። እኔ የጎን ዳኛ ነኝ። አጥቂው ቡድን በራሱ 30 ያርድ ላይ ቆሟል፤ ፈርስት ዳውን (ከአራቱ ሙከራዎች የመጀመሪያው)፣ 10 ያርድ ይቀረዋል። ሯጩ በእኔ በኩል ሰንጥቆ ወጣ። 41 ላይ ሲመታ ኳሱ ከእጁ አመለጠ። ኳሱ እየነጠረ ሳለ አንድ ተከላካይ የአጥቂውን ቡድን ጋርድ (የፊት መስመር ተጫዋች) በሄልሜቱ የፊት ብረት ጎትቶ ጣለው። አየሁ። የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቄን ወረወርኩ። ኳሱ ላይ የተኛው ግን የዚያው የአጥቂው ቡድን ልጅ ነው፣ 46 ላይ።

ነጭ ኮፍያው መጣ። ዋናው ዳኛ ማለቴ ነው፤ እኛ ሌሎቻችን ጥቁር ነው የምናደርገው። ከየት እንቁጠር አለኝ። እኔም በሙሉ ልብ፣ ኳሱ ሉዝ (ከማንም እጅ ውጭ) ስለነበር ሉዝ ቦል ፕሌይ ነው፣ ከመነሻው ከ30 ነው አልኩት። ከ30 ላይ የዚህ ጥፋት ቅጣት 15 ያርድ ሲጨመር 45። ሰውየው መልስ አልሰጠኝም። ኳሱ የተያዘበትን 46 በጣቱ አሳየኝ። እንግዲህ የተበደለው ቡድን ቅጣቱን ቢቀበል አንድ ያርድ ሊያጣ ነው! ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። እሱ ከ41 ቆጠረና ኳሱን የተጋጣሚው 44 ላይ አስቀመጠው (የሜዳው መሃል 50 ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ይቀንሳል)። ጨዋታው ቀጠለ።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ኳሱ መሬት ላይ እየተንከባለለ እንዴት ተደርጎ ነው የሩጫ ጨዋታ የሚባለው?

ይህን ዓርብ ጠዋት ለጠፍኩ። በሳምንቱ እሑድ መልሶቹ 31 ደረሱ። ሁሉንም መገልበጥ ያሰለቻል፤ በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ። ስም አልጠራም፣ በየቁጥራቸው ነው የማነሳቸው።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው። 12 ዓመት የዳኘ ሲሆን እንኳን ወደ ፊሽካው ቤት በደህና መጣህ ብሎ ነው የጀመረው። የኳሱን ሁኔታ ለጊዜው እርሳው አለኝ። ሕጉ እያንዳንዱን ዳውን በሁለት ቅርጫት ነው የሚከፍለው። ሉዝ ቦል ፕሌይ የሚባለው ቅርጫት ውስጥ የሚገቡት ምት፣ ሕጋዊ የፊት ፓስ፣ እንዲሁም ከመነሻው መስመር ላይ ወይም ከመስመሩ ኋላ የተነሳ የኋላ ፓስ፣ ሕገ ወጥ ምት ወይም ፈምብል (ከእጅ ያመለጠ ኳስ) ናቸው። ከእነዚህ በፊት የተደረገው ሩጫም አብሮ ይገባል። ኳሱ ወደ ሌላው ቡድን እጅ ከገባ በኋላ ግን ይህ ቅርጫት ይዘጋል። የቀረው ሁሉ የሩጫ ጨዋታ ነው፣ ኳሱ መሬት ላይ ቢሆንም። የአንተ ሯጭ መስመሩን 11 ያርድ አልፎ ነው የጣለው፣ ስለዚህ ሩጫ ነው፤ ሩጫው ያለቀውም ኳሱ ከእጁ በወጣበት በ41 ላይ ነው ይላል።

ምክንያቱንም አልነፈገኝም። ከመስመሩ ኋላ ሳለ ቡድኑ ገና ምንም ያተረፈው የለም፤ ስለዚህ ወደ መነሻው ቢመለስ አይጎዳም። መስመሩን ካለፈ ግን ሯጩ 11 ያርድ በላቡ አግኝቷል። ተከላካዩ ባጠፋው ጥፋት ያ 11 ያርድ ለምን ይሰረዝበታል? በእውነት ከሆነ የውይይቱ ክር እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። የእኛ ሰው ግን በአንድ መልስ መች ይረካል።

መልስ 2 አመስግኖ ስለ ስናፑ፣ ጨዋታውን ለማስጀመር ኳሱ ወደኋላ ስለሚቀበልበት፣ ጠየቀ። ኳሱ በፐንት መቺው (ኳሱን በእግሩ አርቆ በሚመታው ልጅ) ራስ ላይ አልፎ ቢሄድስ? ማንም እኮ አልሮጠም፣ ማንም ፓስ አልሰጠም። መልስ 3 ስናፕ ራሱ የኋላ ፓስ ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚቆጥረው ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። እየተንከባለለ ሳለ ተከላካይ ቢያጠፋ ከመነሻው ይቆጠራል።

መልስ 4 እናት ናት። ልጇ ቨርጂኒያ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ የሚጫወተውም ዘንድሮ ነው የጀመረው። እሷ ይሄ ሁሉ ቅርጫት ለምን አስፈለገ፣ ኳሱ ከተያዘበት ቦታ አትቆጥሩም ወይ ነው ያለችው። ስቄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ የእሷ ነው። መልስ 5 በትሕትና ነው ያስረዳት። እህታችን፣ ኳሱ ሞላላ ነው፣ እንዳሻው ነው የሚነጥረው። አንዴ አምስት ያርድ ወደፊት፣ አንዴ አስር ያርድ ወደኋላ። ቅጣትን በኳስ ንጥረት ላይ ካንጠለጠልነው ሎተሪ ሆነ ማለት ነው። ሯጩ የጣለበት ቦታ ግን አይነጥርም።

መልስ 6 ላይ ነገሩ መረር አለ። ይሄ ሰው ሰላምታም አላቀረበም። የሕጉን ጉዳይ ትቶ ቢን ባግህ የት ነበር አለኝ። ለማያውቁት፣ ዳኛ ወገቡ ላይ ትንሽ ከረጢት ይሰካል። ሯጩ መስመሩን አልፎ ኳስ ሲጥል ቦታውን ለማስታወስ መሬት ላይ ይጥላታል። ከመስመሩ ኋላ ለሚደረግ ፈምብል ግን አትጣልም፤ ቅጣቱ የሚቆጠረው ከመነሻው ስለሆነ ምልክቷ ምንም አትጠቅምም። ሰውየው የሚለው፣ ከረጢቷን መቼ እንደምትጥል ብታውቅ ኖሮ ይሄን ጥያቄ አትጠይቅም ነበር ነው። መልሱ በወገብህ ላይ ተሰክቶ ነበር አለ።

አመመኝ። እውነት ስለሆነ ነው ያመመኝ። የእኔ ከረጢት ማታ ቤት ስገባም ወገቤ ላይ ነበረች። 41 ላይ የወደቀችው ከማዶ የነበረው ዳኛ ከረጢት ናት። ነጭ ኮፍያው የቆጠረው ከዚያች ነው። እኔ ደግሞ በጥያቄዬ ውስጥ ይቺን አላነሳሁም ነበር።

መልስ 7 ለጀማሪ እንዲህ አይነገርም ብሎ ተቆጣለት፣ ማለቴ ተቆጣልኝ። ጉዳዩን ግን አንድ እርምጃ ወሰደው። መልስ 1 የዘለላት ነገር አለች አለ። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ልጅ) 24 ላይ ጣለ እንበል፣ መነሻው 30 ነው። የራሱ ጓደኛ 25 ላይ አንስቶ እስከ 39 ሮጠ። ተከላካዩ ሆልዲንግ (ተጋጣሚን ይዞ ማስቀረት፣ ቅጣቱ 10 ያርድ) የሠራው ኳሱ መሬት ላይ ሳለ ከሆነ ከ30 ተቆጥሮ 40 ላይ ይቆማል። ልጁ አንስቶ እየሮጠ ሳለ ከሆነ ግን ከ39 ተቆጥሮ 49። ያው ዳውን፣ ያው ጥፋት፣ የ9 ያርድ ልዩነት። ሉዝ ቦል ፕሌይ ከፊቱ ያለውን ሩጫ ይጠቀልላል፣ ከኋላው የሚመጣውን ግን አይጠቀልልም። ስለዚህ ዳኛው ጥፋቱን ማየቱ ብቻውን አይበቃውም፤ ያን ጊዜ ኳሱ የት ነበር የሚለውንም መያዝ አለበት። ይህችን በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ስያታለሁ።

ከመልስ 8 እስከ 10 ጠብ ነው። 8 የአጥቂውን ጥፋት አነሳ። ሁሉም ጥፋት ከመሠረታዊው ቦታ ይቆጠራል፣ አንዱ ብቻ ይለያል፤ አጥቂው ከዚያ ቦታ ኋላ ሆኖ ካጠፋ ጥፋቱ ከተፈጸመበት ነው አለ። ምሳሌም ሰጠ። መነሻው 30፣ ሩጫው ያለቀው 38፣ አጥቂው 22 ላይ ሆልዲንግ ሠራ። ከ22 ላይ አሥር ሲቀነስ 12። ፈርስት ዳውን፣ 28 ያርድ ሊቀረው ነው።

9 ወዲያው ተነሳበት። መጽሐፍህ አርጅቷል፣ ጣለው አለ። በሁለተኛ ደረጃ ሕግ ከ2023 ጀምሮ አጥቂው ከመነሻው መስመር ኋላ የሚሠራቸው አብዛኞቹ ጥፋቶች የሚቆጠሩት ከመነሻው ነው። ስለዚህ 30 ሲቀነስ 10፣ 20 ላይ፤ 20 ያርድ ይቀረዋል እንጂ 28 አይደለም። ስምንት ያርድ ከሕፃናት ላይ ስትዘርፍ ኖረሃል ብሎ ጨመረበት። ይሄ እንኳ ከመስመር ያለፈ ንግግር ነው። 10 የተባለው መልስ የራሱ የ8 ነው። መርሑን እንጂ ዝርዝሩን አላወራሁም፣ ደግሞ አንተ ሜዳ ላይ ቆመህ ታውቃለህ ወይ አለ። ታውቃለህ ወይ ከተባለ በኋላ እንግዲህ ውይይት የለም። በቁጥሩ ግን 9 ልክ ነው። 8ም ይህን ያወቀው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕግ አልጻፈም።

መልስ 11 ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ ለመሆኑ ሉዝ ቦልን በአማርኛ ምን እንበለው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ዘዴ ነው። ሐበሻን ከሕግ ክርክር ማውጣት ከፈለግህ የትርጉም ክርክር ስጠው። 12 ባለቤት የለሽ ኳስ አለ። 13 ያመለጠ ኳስ። 14 ወላጅ አልባ ኳስ ብሎ ቀለደ፣ አሥራ ስምንት ሰው ሳቀለት።

መልስ 15ን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገጠር ያደገ ሰው ነው። ባለቤት የለሽ የሚለው ስሕተት ነው፣ አሳሳችም ነው ይላል። በሬ ገመዱን በጥሶ ቢወጣ ያው የባለቤቱ በሬ ነው። የሰው ማሳ ቢገባ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ሌላ ሰው ይዞ እስኪያስረው ድረስ ስሙ አይለወጥም። የፉትቦሉ መጽሐፍም እንዲሁ ነው የሚለው፤ በጨዋታ ላይ ያለ ኳስ ምንጊዜም የአንድ ቡድን ነው። መሬት ላይ ቢንከባለልም መጨረሻ የያዘው ቡድን ነው፣ ሌላው እስኪይዘው ድረስ። ስለዚህ ኳሱ ሲንከባለል ያጠፋው ልጅ አሁንም ተከላካይ ነው፣ የተጎተተውም አሁንም አጥቂ ነው። በሬ ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከየት በጠሰ ነው፣ አሁን የት ደረሰ አይደለም። ገመድ የበጠሰ ኳስ በሉት አለ። እኔ ተስማምቻለሁ፤ የክሩን ርዕስም በዚያው ቀየርኩት።

16 በቴሌቪዥን እሑድ እሑድ የማየው እንዲህ አይደለም ሲል መጣ። 17 ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። እሑድ የምታየው ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ነው፣ ቅዳሜ የምታየው የኮሌጅ ነው፣ እኛ የምናወራው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሦስት መጽሐፍ ነው ያለው፤ የአንዱን በሌላው አትመዝን አለው። 18 ከዳላስ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃውም የሚጫወተው በኮሌጁ ሕግ ነው፣ ቴክሳስ ነውና አለ። ኩራት ነገር ነበረበት። የአጎቱ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደሚጣሉም ጨመረ።

መልስ 19 ኦክላንድ የሚኖሩ ጋሼ ናቸው። እዚህ ጋ ክሩ ተጠለፈ፣ እኔም አልከፋኝም። የ1978ቱን ጨዋታ አመጡት። ሴፕቴምበር 10፣ ሳንዲያጎ። ያኔ የኦክላንድ ቡድን የነበሩት ሬይደርስ በሳንዲያጎ 20 ለ14 እየተመሩ የቀራቸው 10 ሰከንድ ነው። ኳርተርባካቸው ኬን ስቴብለር ሊወድቅ ሲል ኳሱን ወደፊት ለቀቀው። ፒት ባናዛክ ወደፊት ገፋው። ዴቭ ካስፐር በእግሩ ነካው፣ ኤንድ ዞን (ነጥብ የሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ) ውስጥ ተኛበት፤ 21 ለ20። ስቴብለር ኋላ ላይ ሆን ብሎ እንደጣለው ተናግሯል። ጋሼ ይህን ሲተርኩ የራሳቸው ልጅ ያገባ ነው የሚመስሉት። አሜሪካ የገቡት ግን ከጨዋታው ሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ራሳቸው ነገሩን።

20 ወደ ሕጉ መለሰው። በዚያ ምክንያት ኤንኤፍኤል በ1979 ሕጉን ለወጠ፤ በአራተኛ ዳውን ወይም በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ኳስ የጣለው ቡድን ኳሱን ይዞ መሄድ የሚችለው የጣለው ልጅ ራሱ ካነሳው ብቻ ነው። ጓደኛው ከጣለበት ወደፊት ከያዘው ኳሱ ወደ ጣለበት ይመለሳል። በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ ግን ይህ ገደብ የለም፤ ሆን ብሎ ኳሱን መርገጥ ግን እዚያም ጥፋት ነው። አየህ፣ ኤንኤፍኤልም የጠየቀው ከየት በጠሰ ነው ብሎ 15ን ጠራው። ቆንጆ ነው።

21 ጋሼን ሊያናድድ በ2002 በበረዶ የተደረገውን ጨዋታ አነሳ። ጃንዋሪ 19፣ ፎክስቦሮ። የሬይደርስ ቻርልስ ውድሰን የኒው ኢንግላንዱን ኳርተርባክ ቶም ብሬዲን መታው፣ ኳሱ ወደቀ፣ ሬይደርስ ያዙት። ዳኛው ቪዲዮ አይቶ የብሬዲ እጅ ወደፊት ሄዶ ነበርና ያልተያዘ ፓስ ነው አለ። ሬይደርስ በጭማሪ ሰዓት 16 ለ13 ተሸነፉ። ያ ሕግ በ2013 ተሻረ። ጋሼ በ22 የመለሱት ሁለት ቃል ነው፤ አልጽፈውም። 23 ከቦስተን ነው፣ ሕግ ሕግ ነው ብሎ ዘይት ጨመረበት። አንዱ ቡና ሳንጠጣ ልንደባደብ ነው ብሎ አስቆማቸው፣ እሱ 24 ነው።

25 የራሱ ጉዳይ ነበረው። ሁላችሁም ልጆቻችሁን ለጭንቅላት ጉዳት እየማገዳችሁ ስለ ያርድ ትከራከራላችሁ፣ እግር ኳስ ምን አነሰው? አለ። ማንም አልመለሰለትም። ከአራት ሰዓት በኋላ እናቲቱ በ26 መለሰች። እኔም እፈራለሁ፣ ልጄ ግን ከዚህ በፊት ጓደኛ አልነበረውም አለች። ከዚህ በላይ አልጻፈችም።

27 ስለ ፊሽካ ነው። ኳሱ ሲወድቅ አትቸኩል አለኝ። በ2008 ኤድ ሆኩሊን የሚያህል ዳኛ በዴንቨርና በሳንዲያጎ ጨዋታ የኳርተርባኩን ፈምብል ፓስ መስሎት ነፋ። ኳሱን የያዘው ሳንዲያጎ ነበር፣ ፊሽካ ስለተነፋ ግን አልተሰጠውም። ዴንቨር 39 ለ38 አሸነፈ። ሰውየው ስሕተቱን በአደባባይ አምኗል። በእኛ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ፊሽካ ኳሱ ገመድ በጥሶ ሳለ ከተነፋ፣ መጨረሻ የያዘው ቡድን ይመርጣል፤ ወይ ከጣለበት ቦታ ይጀምራል ወይ ዳውኑን ይደግመዋል። ያን ቀን ማታ ፊሽካዬን ከአፌ አውጥቼ በጣቴ ይዤ መሮጥ መለማመድ ጀመርኩ። ጎረቤቶች በመስኮት እያዩኝ ነበር።

28 አጭር ጥያቄ አመጣ። ኪክኦፉን (የጨዋታ መክፈቻውን ምት) የተቀበለው ልጅ 20 ያርድ ሮጦ ቢጥልስ? 29 ኳሱ እጅ ለውጦ የለ እንዴ፣ ሩጫ ነው፣ የጣለበት ብለህ ሂድ አለው። ከሃያ ቀን በፊት ብሆን ይህን መልስ አላምንም ነበር።

መልስ 30 እናቲቱ ናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የልጇ ቡድን 40 ላይ ነበር። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጩ ሲያቀብል መሃል ላይ ወደቀ፣ ከመስመሩ ኋላ። ክምር ሆነ፣ ቢጫ ወጣ፣ ኳሱን የያዙት ተጋጣሚዎቹ ናቸው። የዚያኛው ወገን ወላጆች ይጨፍራሉ። እሷ ግን ጥፋቱ በሄልሜት መጎተት መሆኑን ከምልክቱ አይታ፣ ዳኛው ሳይናገር ለባሏ ኳሱ የእኛ ነው፣ ከ40 ላይ 15 ይቆጠራል ብላ ነገረችው። እንደዚያው ሆነ። ባሏ እስከ ቤት ድረስ አላናገራትም።

31 ያው የቢን ባጉ ሰው ነው፣ ቁጥር 6። እንኳን ደስ አለሽም አላላትም። የተጎተተው ልጅ የተጎተተው ተጋጣሚው ኳሱን ከመያዙ በፊት ነው ወይስ ከያዘው በኋላ? ከያዘው በኋላ ከሆነ ኳሱ የእናንተ አይሆንም፣ ቅጣቱም የሚቆጠረው ከእነሱ ሩጫ ነው፤ አየሽው ወይ ብሎ ጠየቃት።

እሷም ከመልሱ ሥር ጻፈችለት። ያን ጊዜ እያየች የነበረው የልጇን ጫማ ብቻ ነው፤ ከክምሩ ሥር ይንቀሳቀስ እንደሆነ።